ላይቭ ሲዲ የማስነሻ ትእዛዙን እንዳይረሳ

 

ዲማ ውስጥ ባለች አንዲት መድረሳ አራት አሮጌ ዴስክቶፕ ኮምፒዩተሮች አሉ። የአራቱም ሃርድ ዲስክ ሞቷል። ዲማ ከሚዛን ተፈሪ ወደ ደቡብ ምዕራብ በሚወርደው መንገድ፣ በአኮቦ ወንዝ አቅራቢያ የምትገኝ የወርቅ ቆፋሪዎችና የነጋዴዎች ከተማ ናት። ቆላ ስለሆነ ሙቀቱ፣ አቧራውና የመብራቱ መሄድ መምጣት ተደማምረው መጀመሪያ የሚጎዱት ሃርድ ዲስክን ነው። ቢሆንም ኮምፒዩተሮቹ ይሠራሉ፤ የሚነሱት ላይቭ ሲዲ ከሚባለው ዲስክ ነው። ልጆቹ ከዐስር ሶላት በኋላ ቁርኣን ያዳምጡባቸዋል፣ አማርኛና እንግሊዝኛ መተየብ ይለማመዱባቸዋል።

ችግሩ፣ ኮምፒዩተሮቹ በተነሱ ቁጥር አንድ ሰው ከፊታቸው ተቀምጦ አንድ መስመር ትእዛዝ መተየብ ነበረበት። ካልተተየበ ሁለቱ ስክሪናቸው ጠቁሮ ይቀራል፤ አንዱ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል፤ አራተኛው ይነሳል፣ ሰዓቱ ግን የተሳሳተ ነው። መስመሩን በቃሉ የያዘው ደግሞ ከፍ ካሉት ደረሶች አንዱ ብቻ ነበር፤ እሱም በመስከረም ለትምህርት ከዲማ ሊወጣ ነው። ኡስታዙ «ይህ ልጅ ሲሄድ ኮምፒዩተሮቹም አብረውት ሊሄዱ ነው» ያሉት እውነታቸውን ነው። በእረፍት ጊዜ ወደየሀገራችን ስንመለስ መድረሳና ትምህርት ቤት የምናግዝ ብዙ ስለሆንን፣ ያን መስመር ከሰው አእምሮ አውጥቶ ዲስኩ ላይ ማስቀመጥ እንዴት እንደሚቻል መጻፍ ይጠቅማል ብዬ አሰብኩ።

አስቀድሜ ስለ አጻጻፉ። ትእዛዞቹን እዚህ በድምፃቸው በፊደላችን ጽፌአቸዋለሁ፤ ኪቦርድ ላይ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ከጥቂቶቹ በቀር በትንንሾቹ ነው የሚተየቡት። የሚያሳስቱትን ፊደል በፊደል ቆጥሬአቸዋለሁ። ሲዲ ስልም ዲቪዲን ጨምሬ ነው፤ የዛሬዎቹ ብዙዎቹ በ700 ሜጋባይት ሲዲ አይገቡም።

ላይቭ ሲዲ ማለት ምንም ሳይጫን፣ ሃርድ ዲስክ ሳይነካ ከዲስኩ ብቻ የሚነሳ ሙሉ ሲስተም ነው። ዝናውን ያተረፈለት ጀርመናዊው ክላውስ ክኖፐር እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ክኖፒክስ ነው፤ ከዚያ በ2003 የአውስትራሊያዊው ባሪ ካውለር ፑፒ ሊኑክስ መጣ። ኡቡንቱና ዴቢያንም ላይቭ ዲስክ አላቸው። እኛን የሚመለከትም ነበር፦ እ.ኤ.አ. በ2007 ሙስሊም ወንድሞች ኡቡንቱን ወስደው «ኡቡንቱ ሙስሊም ኤዲሽን» ብለው አወጡት፤ በኋላ «ሰቢሊ» ተባለ። ዘክር የሚባለው የቁርኣን ፕሮግራምና ሚንበር የሚባለው የሶላት ሰዓት ፕሮግራም ከዲስኩ ጋር አብረው ይመጡ ነበር። ከ2011 በኋላ አዲስ አልወጣም። የሠሩት ሥራ ግን በመሠረቱ ከታች የማሳያችሁ ነው፤ የወጣን ዲስክ ከፍቶ፣ የሚፈልጉትን ለውጦ፣ መልሶ መጻፍ። እኛ የምንለውጠው አንድ መስመር ብቻ ስለሆነ ከነሱ በጣም ይቀለናል።

መድረሳ የቀራ ሰው ነገሩ በቀላሉ ይገባዋል። ሉህ ላይ የተጻፈው ትምህርት ሲያልቅ ታጥቦ ለነገው ይዘጋጃል። የኮምፒዩተሩ ራም እንደዚያ ሉህ ነው፤ ኃይል ሲቋረጥ ይታጠባል። ሲዲው ደግሞ ታትሞ እንደተጠረዘ ኪታብ ነው፤ ታነቡታላችሁ እንጂ አትሰርዙበትም፣ አትጨምሩበትም። ላይቭ ሲዲ ላይ የምትሠሩት ሁሉ፣ የከፈታችሁት ፋይል፣ የቀየራችሁት ቋንቋ፣ ማስነሻው ላይ የተየባችሁት ትእዛዝም ጭምር፣ ሉሁ ላይ ነው የሚሰፍረው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ታዲያ ሴቭ ማድረጊያ አለው አይደል?» ይላል። አለው። ፑፒ ሲዘጋ ሥራችሁን በአንድ ፋይል አድርጎ ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል። ዴቢያንም «ፐርሲስተንስ» የሚለውን ስም የሰጣችሁትን የፍላሽ ክፍል ካገኘ ሥራችሁን እዚያ ያኖራል። ይህ ግን የማስነሻ ትእዛዙን አያስቀምጥም። ምክንያቱን ለመረዳት ኮምፒዩተሩ ሲነሳ ምን ከምን እንደሚቀድም ማየት ያስፈልጋል።

ማብሪያውን ስትጫኑ መጀመሪያ የሚሠራው ባዮስ ነው። ባዮስ ሲዲውን ይፈልግና «ማስነሻህ የት ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል። መልሱ የሚቀመጥበት ደንብ ኤል ቶሪቶ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ ነው። ማስነሻው አብዛኛውን ጊዜ አይሶሊኑክስ የሚባል በጣም ትንሽ ፕሮግራም ነው። እሱ ሲነሳ «አይሶሊኑክስ ነጥብ ሲኤፍጂ» የሚባለውን የጽሑፍ ፋይል ያነባል። ፋይሉ ውስጥ «ከርነል» የሚል መስመር አለ፤ የትኛው ከርነል እንደሚጫን ይናገራል። «አፔንድ» የሚል መስመርም አለ፤ ለከርነሉ ምን ምን እንደሚነገረው ይዘረዝራል። ከርነሉ ራም ውስጥ ገብቶ፣ የተነገረውን ሰምቶ፣ ስክሪኑንና ዲስኮቹን ከለየ በኋላ ነው ፍላሻችሁን ከፍቶ «የተቀመጠ ሥራ አለ ወይ?» ብሎ የሚፈልገው።

ስለዚህ ያስቀመጣችሁት ሥራ የሚከፈተው ትእዛዙ ተነቦ ካለቀ በኋላ ነው። ስክሪኑ እንዳይጠቁር የሚያደርገውን ትእዛዝ ፍላሹ ውስጥ ብታስቀምጡት ፍላሹ ሲከፈት ስክሪኑ ከጠቆረ ቆይቷል። ከዚህም የባሰ አለ፦ ዴቢያን ላይቭ የተቀመጠውን ሥራ የሚፈልገው ራሱ «ፐርሲስተንስ» የሚል ትእዛዝ አፔንድ መስመሩ ላይ ካገኘ ብቻ ነው። ትእዛዙ ቋሚ ካልሆነ ሥራችሁ ፍላሹ ላይ በሰላም ተቀምጦ ሳለ ሲስተሙ ዞር ብሎም አያየውም። የአንድ ሳምንት ሥራ ጠፋ ብሎ የሚያዝን ሰው ብዙ ጊዜ ሥራው አልጠፋበትም፤ መስመሩን ሳይተይብ ነው ያስነሳው።

ምን እንደሚተየብ እንይ። ከጥቁር ስክሪን የሚያድነው ኖሞድሴት ነው፤ ኤን፣ ኦ፣ ኤም፣ ኦ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤስ፣ ኢ፣ ቲ። ከርነሉ የግራፊክስ ካርዱን ስልት ራሱ እንዳይቀይር ይከለክለዋል። ስዕሉ ትንሽ ይደበዝዝ ይሆናል፣ ቪዲዮም ይጎተታል፤ ግን ይታያል። ግማሽ መንገድ ላይ ለሚቆም አሮጌ ማሽን ኤሲፒአይ እኩል ይሆናል ኦፍ የሚለው ይሞከራል። ይህኛው ዋጋ ያስከፍላል፤ ማሽኑ ሲዘጋ ኃይሉን ራሱ ላይቆርጥ ስለሚችል ቁልፉን በእጅ ተጭኖ ማጥፋት ያስፈልጋል። ስለዚህ ለሚያስፈልገው ማሽን ብቻ ስጡት፤ «ለማንኛውም» ተብሎ ለሁሉም አይጨመርም።

ቱራም ማለትም ቲ፣ ኦ፣ አር፣ ኤ፣ ኤም የዲስኩን ይዘት በሙሉ ራም ላይ ይገለብጠዋል። ከዚያ በኋላ ፍጥነቱ ይገርማል፣ ዲስክ አንባቢውም ያርፋል፤ ግን ራሙ ከዲስኩ ይዘት በደንብ መብለጥ አለበት። የ2 ጊጋባይት ዲስክ 2 ጊጋባይት ራም ባለው ማሽን ላይ ቱራም አይሆንለትም። ፑፒ እንዲህ ላሉ ማሽኖች የሚመረጠው ትንሽ በመሆኑ ነው። ሥራን ለማስቀመጥ ደግሞ ፐርሲስተንስ፤ ፒ፣ ኢ፣ አር፣ ኤስ፣ አይ፣ ኤስ፣ ቲ፣ ኢ፣ ኤን፣ ሲ፣ ኢ። ኡቡንቱ ላይ ግን መጨረሻው ሲ፣ ኢ ሳይሆን ቲ ነው፤ ፐርሲስተንት። አንዱን በሌላው ቦታ ብትጽፉ ሲስተሙ ስሕተት ነው ብሎ እንኳ አይናገርም፤ ዝም ብሎ ያልፈዋል።

ዴቢያን ላይቭ ቋንቋውን፣ የኪቦርዱን አቀማመጥና የሰዓት ቀጠናውንም ከዚሁ መስመር ይቀበላል። ለሰዓቱ ታይምዞን እኩል ይሆናል አፍሪካ፣ ወደ ቀኝ ያጋደለ ሰረዝ፣ አዲስ፣ የታች ሰረዝ፣ አበባ። እዚህ ላይ የአፍሪካ፣ የአዲስና የአበባ የመጀመሪያ ፊደሎች ትልልቆቹ መሆን አለባቸው።

የሰዓቱ ነገር ከሌላው ይልቅ እኛን ይነካል፤ ትንሽ ልቆይበት። ሊኑክስ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ሰዓት የዓለም አቀፉን ሰዓት የያዘ ይመስለውና ለእኛ 3 ሰዓት ይጨምርበታል። ብዙ ሰው ግን፣ ዊንዶውስም ጭምር፣ ያንን ሰዓት በሀገር ውስጥ ሰዓት ነው የሚሞላው። ስለዚህ ከምሽቱ 12፡30 ላይ ስክሪኑ ከምሽቱ 3፡30 ነው ይላል። የሶላት ሰዓት ፕሮግራሙም በዚያው ሂሳብ መግሪብ ሳይገባ ዒሻእ አልፏል ይላችኋል። መድኃኒቱ ወይ ባዮስ ውስጥ ገብቶ ሰዓቱን 3 ሰዓት ወደ ኋላ መመለስ ነው፣ ወይ በዴቢያን ላይቭ ዩቲሲ እኩል ይሆናል ኖ የሚለውን መስመሩ ላይ መጨመር። የማዘርቦርዱ ባትሪ ካለቀ ግን የትኛውም ትእዛዝ አይረዳም፤ ያቺን ክብ ባትሪ መቀየር ብቻ ነው።

ሰዓቱ ተስተካክሎም አንድ ነገር ይቀራል። የሰዓት ቀጠናችን ለሀገሪቱ በሙሉ አንድ ነው፣ ፀሐይ ግን በአንድ ጊዜ አትጠልቅም። ምድር አንድ ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ይፈጅባታል፤ ዲማ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ሦስት ዲግሪ ተኩል ገደማ ትርቃለች። ስለዚህ የዲማ መግሪብ ከአዲስ አበባው ወደ ሩብ ሰዓት ይዘገያል። ፕሮግራሙ ላይ ከተማው «አዲስ አበባ» እንደተባለ ከቀረ በረመዷን ልጆቹ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሊያፈጥሩ ነው። ጋምቤላ ከተማም ከአዲስ አበባ ምዕራብ ስለሆነች ነገሩ እዚያም ያው ነው። የከተማው ምርጫ ግን የማስነሻ ትእዛዝ አይደለም፤ ሲስተሙ ከተነሳ በኋላ የሚነበብ የፕሮግራሙ ማስተካከያ ስለሆነ ቦታው ፍላሹ ላይ የሚቀመጠው ሥራ ውስጥ ነው። የትኛው ነገር የት እንደሚቀመጥ ግራ ሲገባችሁ «ይህ የሚፈለገው ፍላሹ ከመከፈቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ቋሚ ከማድረግ በፊት ትእዛዙ መፈተሽ አለበት፤ ሳይፈተሽ ዲስክ ላይ የተጻፈ ስሕተት ዲስክ ያስጥላል። ማውጫው ሲመጣ ታብ የሚለውን ቁልፍ ስትጫኑ አፔንድ መስመሩ ከታች ይታያል፤ መጨረሻው ላይ አንድ ክፍት ቦታ ትታችሁ የምትፈልጉትን ጨምሩና ኢንተር በሉ። ማውጫው የግራብ ከሆነ ኢ የሚለውን ፊደል ተጭናችሁ «ሊኑክስ» በሚል ቃል የሚጀምረው መስመር መጨረሻ ላይ ትጨምሩና በኤፍ10 ታስነሳላችሁ። ሲነሳ ተርሚናል ከፍታችሁ ፕሮክ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ሲኤምዲላይን የሚባለውን ፋይል አንብቡ። ከርነሉ በትክክል የሰማው እዚያ ተጽፎ ይገኛል። የተየባችሁት እዚያ ከሌለ አልደረሰውም ማለት ነው።

መስመሩ ከሠራ ወደ ዲስኩ እንሂድ። የሲዲው ቅጂ ማለትም አይሶ የሚባለው ፋይል ያስፈልጋችኋል። ከውስጡ አይሶሊኑክስ ነጥብ ሲኤፍጂን አውጥታችሁ በማንኛውም የጽሑፍ ፕሮግራም ክፈቱት። አንዳንዴ አጭር ሆኖ «ኢንክሉድ» እያለ ወደ ሌላ ፋይል ይመራችኋል፤ አፔንድ የሚለውን እስክታገኙ ተከተሉት። አፔንድ መስመሩ መጨረሻ ላይ፣ እዚያው መስመር ላይ፣ ትእዛዛችሁን ጨምሩ። አዲስ መስመር ከጀመራችሁ አይሠራም። ዲስኩ በዘመናዊ ማሽኖችም እንዲነሳ ተደርጎ ከሆነ የግራብ ፋይልም አለው፤ ግራብ ነጥብ ሲኤፍጂ ይባላል፣ እሱ ላይም መጨመር አለባችሁ። አንዱን ብቻ ያስተካከለ ሰው ዲስኩ በአሮጌው ማሽን ሠርቶ በላፕቶፑ እምቢ ሲል ይደነግጣል።

እግረ መንገዳችሁን ታይምአውት የሚለውንም እዩት፤ ማውጫው ማንም ሳይነካው ስንት ጊዜ ቆይቶ እንደሚነሳ የሚወስነው እሱ ነው። አይሶሊኑክስ የሚቆጥረው በሰከንድ አንድ አሥረኛ ነው፤ 50 ማለት 5 ሰከንድ ነው። ግራብ ግን በሙሉ ሰከንድ ይቆጥራል። ዜሮ ደግሞ ለአንዱ «ለዘላለም ጠብቅ»፣ ለሌላው «ሳትጠብቅ ተነስ» ነው። ማን እንዲህ እንዳደረገው አላህ ይወቀው።

የተስተካከለውን ፋይል መልሶ ወደ አይሶው ማስገባት ላይ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው። ፋይሎቹን እንዳሉ ሲዲ ላይ ብትጽፏቸው ዲስኩ ይነበባል እንጂ አይነሳም፤ ባዮስ የሚፈልገው የኤል ቶሪቶ መልስ በተራ ኮፒ አይመጣምና። ለዚህ ዞሪሶ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ኤክስ፣ ኦ፣ አር፣ አር፣ አይ፣ ኤስ፣ ኦ። አሮጌውን አይሶ በኢንዴቭ፣ የአዲሱን ስም በአውትዴቭ ትነግሩታላችሁ፤ በማፕ ደግሞ የቱ ፋይል በየቱ ቦታ እንደሚገባ። ዋናው ነገር «ቡት ኢሜጅ ኤኒ ሪፕሌይ» የሚለው ነው፤ «የማስነሻውን አሠራር አሮጌው ላይ እንዳገኘኸው አድርገህ ድገመው» ማለት ነው። ከባዶ በጀኒሶኢሜጅ የሚሠራ ሰው «ኖ ኢሙሌሽን» የሚለውን ራሱ መናገር አለበት። ይህ ስም ታሪክ አለው። ያኔ ባዮሶች መነሳት የለመዱት ከፍሎፒ ስለነበር ኤል ቶሪቶ ሲዲው ፍሎፒ መስሎ እንዲቀርብ ፈቀደ። አይሶሊኑክስ ግን አያስመስልም፤ ስለዚህ «ይህ ፍሎፒ አይደለም» ካልተባለለት አይነሳም። የዲስኩን ስምም አትቀይሩ፤ ፌዶራን የመሰሉ ሲስተሞች ዲስካቸውን የሚያገኙት በስሙ ነው። ዲስኩ ራሱን የሚፈትሽበት ምርጫ ካለው ያስተካከላችሁትን ፋይል «ተቀይሯል» ይላል፤ ተቀይሯልና እውነቱን ነው።

መጀመሪያ ተደጋግሞ በሚጻፍበት ዲስክ ሞክሩት። ከሠራ በኋላ ወደ ተራው፣ ዝቅ ባለ ፍጥነት ጻፉት።

ፍላሽ ለመረጠ ሰው ነገሩ ይቀላል፤ ፍላሹ ላይ ያለውን ሲኤፍጂ ፋይል ከፍቶ መጻፍና ሴቭ ማድረግ ነው። ግን ፍላሹ እንዴት እንደተዘጋጀ ይወስናል። ሩፈስ በአይሶ ስልት ካዘጋጀው ፋይሎቹ ይታረማሉ፤ ፐርሲስተንስ ከመረጣችሁም የሚያስፈልገውን ቃል መስመሩ ላይ ራሱ ይጨምርላችኋል። በዲዲ ስልት ከተጻፈ ግን ፍላሹ የሲዲው ግልባጭ ሆኗል፤ ፍላሽ ይሁን እንጂ እንደ ሲዲው አይታረምም።

ለመድረሳ ግን ምርጫዬ ሲዲው ነው። ከካምፓስ ካምፓስ፣ ከሱቅ ሱቅ የሚዞር ፍላሽ ምን ያህል ቫይረስ እንደሚሸከም ሁላችንም እናውቃለን፤ ሲዲው ላይ ግን ማንም ምንም ሊጽፍበት አይችልም። ስለዚህ ትእዛዙ በሲዲው፣ የልጆቹ ሥራ ደግሞ ፐርሲስተንስ በሚል ስም በተዘጋጀ አንድ ፍላሽ ይሁን። ፍላሹ በኢኤክስቲ4 ፎርማት ይደረግና ፐርሲስተንስ ነጥብ ኮንፍ የሚባል ፋይል ይፈጠርበታል፤ ውስጡ ወደ ቀኝ ያጋደለ ሰረዝ፣ ክፍት ቦታና ዩኒየን የሚል ቃል ብቻ ይጻፋል። ፍላሹ ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ ኮምፒዩተሩ ያለ እሱም ይነሳል።

የአራቱ ማሽኖች ፍላጎት የተለያየ ስለነበር የዲማዎቹ ዲስኮች ሦስት ዓይነት ሆነዋል፤ ሁለቱ ጥቁር ስክሪኖች አንድ ዓይነት ዲስክ ይጋራሉ። በየዲስኩ ፊት ላይ የየትኛው ማሽን እንደሆነና ውስጡ ምን ትእዛዝ እንዳለ በማርከር ይጻፍበት፤ በስለት ወይም በእስክርቢቶ ጫፍ አይሁን፣ ሲዲ ከፊቱ በኩል ነው ቶሎ የሚጎዳው። ከእያንዳንዱም ሁለተኛ ቅጂ ይሠራ። እቤት የሚጻፍ ሲዲ ብርሃንና ሙቀት ያበላሸዋል፤ ቅጂው በልባሱ ሆኖ ፀሐይ በማይደርስበት ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። የተስተካከለው ሲኤፍጂ ፋይልም በወረቀት ታትሞ ከኡስታዙ ዘንድ ይኑር፤ ሌላ የላይቭ ዲስክ ቢመጣ ከዚያ ላይ ተመልክቶ የሚጨምረው አይጠፋም።